ማክሰኞ የቀረው ልቅሶሽ

ውድ ሰሊሃ፣

ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልቅሶሽ ማክሰኞ ዕለት ቀረ። ትናንትም ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አጥሬን አልፎ ደጄ ድረስ ሲመጣ አፌን ከፍቼ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። በሕይወት አለሽ ወይ? ይህን ለመጠየቅ ነው የማስጽፈው።

የሚጽፉልኝ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ናቸው። ገና ከመጀመሪያው መስመር ብዕራቸውን አንሥተው፣ «የአንዷ ልቅሶ በሌላዋ አፍ ወጣ ብዬ እኔ አልጽፍም። ነገ እጠየቅበታለሁ» አሉኝ። «የምትጠየቀው እኔ ነኝ፣ መሪጌታ። አንቱ የምለውን ብቻ ጻፉ» አልኋቸው። ደግሞስ ሦስት ዓመት ሙሉ በአጥሬ ሥር ሲያልፉ ሰምተውት የለም? እየሰሙ እርምጃቸውን ያፈጥኑ ነበር እንጂ አልሰማሁም ማለት አይችሉም። ይህን ስላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ብዕሩን ቀለም ነከሩት። እዚያ አልዩ አምባ ደግሞ የገበያው ቀረጥ ጸሐፊ ያነብልሻል ብዬ አስባለሁ። እንዳይስቅ አስጠንቅቂው። ከሳቀ ወረቀቱን ነጥቀሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ሌላ አንባቢ አይጠፋም።

ቤትሽ ከእኔ አጥር በታች በነበረ ጊዜ ባልሽ ፈረጅ ከሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ሲሠራ ድምፁ እኛ ጓዳ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ እንዝርቴን ይዤ እወርዳለሁ። አንቺ ፈትሌን በጣትሽ እያሻሸሽ «ይሄ ለሸማ ነው ወይስ ለበሬ ገመድ?» እያልሽ ታሾፊብኛለሽ። የእኔ መነንና የአንቺ ሸምሱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው የፈረጅን እግር ይኮረኩራሉ። እሱም ይቆጣል፤ ቁጣው ግን ለጨዋታው የሚጨመር ነበር።

ኩፍኙ ሲገባ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ወሰዳቸው። እኔ ሰኞ ቀበርሁ፣ አንቺ ሐሙስ።

የእኔን ልቅሶ አይተሻል። ጠጉሬን ተላጨሁ፣ ፊቴን ቧጠጥሁ፣ ደረቴን እስኪያብጥ ደቃሁ። አልቃሿ የመነንን አረማመድ እያነሣች ስታስለቅስ መንደሩ ሁሉ አብሮኝ ጮኸ። እኛ ደገኞቹ እንዲህ ነው የተማርነው። የእናት ሐዘን አገር ካልሰማው እንዳልታዘነ ይቆጠራል። አንቺም መጥተሽ ከዳር ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ተከናንበሽ ተቀምጠሽ ነበር። ስትሄጂ እጄን ይዘሽ ብዙ አቆየሽው፤ አንዲት ቃል ግን ከአፍሽ አልወጣም።

ሐሙስ ዕለት ሴቶቹን አስከትዬ ልቅሶሽን ላግዝሽ መጣሁ። ከበርሽ ላይ ኡኡታውን ገና ስናነሣ ፈረጅ ወጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቶቼ፣ አላህ ይስጣችሁ። እንባ በእኛ ዘንድ አልተከለከለም። ጩኸቱን ግን ተዉልን፣ ልጁን ያስጨንቅብናል» አለ። ሴቶቹ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀሩ። ከኋላው አንቺ ብቅ አልሽ። ፊትሽ አልተቧጠጠም፤ ጠጉርሽ ከሻሽሽ ሥር እንደተጎነጎነ ነው። እንደምን ሆንሽ ስልሽ «አልሐምዱሊላህ» አልሽኝ። ከዚያ መጥረጊያ አንሥተሽ ግቢሽን ትጠርጊ ጀመር።

የባሌ እህት አስካለማርያም ከእኛ ጋር ነበረች። ስንመለስ «ዓይኗን አይታችሁታል? ደረቅ ነው» አለች። ሌላዋ «ሸማኔዎች አይደሉ?» አለች። በእኛ አገር በእጁ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። አሁን ደግሞ ልጇ ሞቶ ያልጮኸች እናት ተገኘች፤ የእኔ ልጅ ደግሞ ቀድማ ሞታለች። በመንገዱ ላይ ሁሉንም ነገር ገጣጥመው ጨረሱት።

የመነን አርባ ካለፈ በኋላ አንድ አመሻሽ ላይ ከቤትሽ ልቅሶ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም። ሰው አፉን በትራስ አፍኖ እንደሚያለቅሰው ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ልቅሶ ነበር። ደስ አለኝ ብልሽ ትቀየሚኛለሽ? ደስ አለኝ። እሰይ፣ አለቀሰች ብዬ በጓሮ በኩል ገባሁ። ፈረጅ የለም። አንቺ ከግድግዳው ሥር ብቻሽን ተቀምጠሽ ትፈትያለሽ። እንዝርቱ ይዞራል፤ አፍሽ ተዘግቷል፤ ጉንጭሽ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ልቅሶው ግን ቤቱን ሞልቶታል። ጆሮዬን ወደ ጣሪያው ባዞር ከጣሪያው፣ ወደ ጉድጓዱ ባዞር ከጉድጓዱ ይመጣል።

«ማን ነው የሚያለቅሰው?» አልሁሽ።

እንዝርቱን በእጅሽ ያዝሽው። ቀና ብለሽ ብዙ አየሽኝና «አንቺም ትሰሚዋለሽ?» አልሽኝ።

አጠገብሽ ተቀመጥሁ። ፈረጅ አብሮሽ እያደረ እንደማይሰማው ነገርሽኝ። «እባክሽ አውጪው። በሩን እኔ እዘጋዋለሁ፣ ማንም አይሰማሽም» ብዬ ለመንሁሽ።

«ከጀመርሁ ማቆሚያውን አላውቀውም» አልሽ። ደግሞ እንዲህ አልሽኝ፤ «እኛ አርጎባዎች አልሐምዱሊላህ ስንል የሚያውቀን ሰው ከአባባላችን ይረዳል። እናቴ አንድ ጊዜ ሰማችኝና ምንም ሳትል ራሴን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው። እናንተ ግን ቃሉን ሰምታችሁ ሄዳችሁ።»

ተናደድሁ። ቁጣዬን ታውቂው የለ? «እኛስ የቀለለን ይመስልሻል?» አልሁሽ። «ጩኸቱ የተፈቀደልን ለጊዜው ነው። ከአርባዋ ወዲህ ስሟን ባነሣ ‹በቃሽ፣ እግዜርን አታስቀይሚ› ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ጎኔን ወጋኝ እላለሁ። ቅቤ አምጥተው ያሹኛል። ትናንት ራሴን ፈለጠኝ አልሁ፤ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ‹የት ጋ ነው?› ብቻ ነው የሚሉኝ።»

ልጅሽ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሽ። «ለእኔ ብትነግሪኝ ቅቤ ይዤ አልመጣም ነበር» አልሽኝ። እንደዚያ አብረን ተቀምጠን ልቅሶው በዙሪያችን እያለቀሰ ጨለመ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከቤትሽ ምንም አልሰማሁም። ልቅሶሽ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። እሳት ልጭር ጎንበስ ስል አፌ በራሱ ተከፈተና ከውስጤ ወጣ። የእኔ እንዳልሆነ ወዲያው አወቅሁት፤ የእኔ ልቅሶ ከደረት ተነሥቶ ጉሮሮ ላይ ይሰበራል። ይሄኛው ሳይሰበር የሚፈስ ነበር። ዓይኔ አላነባም። እጄም ሥራውን አልተወም፣ እንጨት እያስጠጋሁ ነበር። ባሌ ይሁኔ በሩ ላይ ቆሞ አማተበ፤ አልገባም።

አስካለማርያም «ተበልታለች» አለች። ቡዳ የበላውን ሰው የሚያጥነውን ወልደተንሣኤን አስጠሩ። ይህን ሥርዓት አንቺ አይተሽው ስለማታውቂ ልንገርሽ። በሽተኛውን በጋቢ ሸፍነው ከጋቢው ሥር ፍም ላይ የዕፅ ሥር ያጤሱበታል። ራሱን ሲስት «ማን ነህ? ከማን ቤት መጣህ?» እያሉ ያፋጥጡታል፤ እሱም ይለፈልፋል። ስሙ የተጠራውን ሰው ጎትተው ያመጡና በሽተኛው ላይ እንትፍ እንዲል ያስገድዱታል። እምቢ ካለ ዱላ አለ፤ ከዱላው ያልተነሣ ሰውም አውቃለሁ። ቤቴ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው ስም ለመስማት ነው። የማንን ስም እንደሚሰሙም አስቀድመው ወስነው ነበር።

ምን እንዳልሁ እኔ አላስታውስም። የነገረኝ የአክስትሽ ልጅ ዓወል ነው፤ ያን ቀን በበቅሎ አሞሌ ጭኖ ለይሁኔ ሊያራግፍ መጥቶ ነበር። ከአፌ የወጣው የእናንተ ቋንቋ ነበር አለኝ። ሰሊሃ፣ እኔ ከቋንቋችሁ ሰላምታውን እንኳ አሳምሬ እንደማልናገር ታውቂያለሽ፤ ስትስቂብኝ አልነበር? ወልደተንሣኤ ዓወልን እጁን ይዞ «ምን ትላለች?» አለው። ዓወል ምን ያድርግ? የሰማውን ነገረው።

«እናት ናት። ‹አፈሩ እርጥብ ነው፣ ልጄን ይበርደዋል› ትላለች።»

«ይኸው! ገብታባታለች!» ብላ አስካለማርያም ተነሣች። ሰዎቹ ዱላቸውን ሲፈልጉ ዓወል ጭነቱን ትቶ ሊነግራችሁ በአቋራጩ ቁልቁል ሮጠ። እነርሱ ሲደርሱ ቤትሽ ባዶ ነበር። እሳቱ አልጠፋም፤ ያልተጨረሰው ሸማ ከጉድጓዱ በላይ እንደተወጠረ ነበር። ራሴን ሳውቅ መጀመሪያ የጠየቅሁት አንቺን ነው። «ሄደችልሽ፣ ተገላገልሽ» አሉኝ። ከተቀመጡበት ሁሉንም በስድብ አስወጣኋቸው፤ ስድቡን መሪጌታ አይጽፉልኝም እንጂ እነግርሽ ነበር።

ንጉሡ እንጦጦ ከከተሙ ወዲህ አንኮበር ሌላ አገር ሆኗል። ግማሹ ቤት ተዘግቷል፤ በየባዶው ግቢ በሩን ነፋስ ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል። ይሁኔም ከግምጃ ቤቱ ጋር ሄዷል። አልፎ አልፎ ሲመጣ ጉሙ ሳይነሣ ጎረቤላ መንደር ዘመድ አለኝ ብሎ ይወጣል። የእኔ ቤት ግን ባዶ አልነበረም፣ ልቅሶሽ ነበረበት። መጀመሪያ ፈርቼው ነበር። ሲቆይ ግን አመሻሽ ሲቃረብ ቤቱን ጠርጌ፣ እሳቱን አንድጄ፣ እንግዳ እንደሚመጣብኝ ሰው እጠብቀው ጀመር።

አምና ክረምት ላይ ልቅሶሽ የሌላ ስም ጠራ። የሸምሱን ሁልጊዜ ይጠራዋል። ያን ቀን ግን «መነን» አለ፤ በእኔ አፍ፣ በአንቺ ድምፅ። ከአርባዋ ወዲህ በዚያ ቤት ከእኔ በቀር ስሟን የጠራ የለም። ደጋግመሽ ጠራሻት። አፌ ያንቺ ስለነበር እኔ አቤት ልልላት አልቻልሁም። ለእኔ ልጅም ታለቅሺ እንደነበር ያን ቀን ነው የገባኝ። እወድሻለሁ ብዬሽ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ሴት ለጎረቤቷ እንዲህ አትልም። አሁን ብያለሁ። ይጻፉት፣ መሪጌታ።

ከዚያ የመንደሩ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። ከአጥሬ ውጭ በጉሙ ውስጥ ይቀመጣሉ። አይገቡም፣ እርስ በርሳቸውም አይነጋገሩም፤ ነጠላቸው ብቻ ይነጣል። ልቅሶሽ ሲጀምር እነርሱም ቀስ ብለው ይጀምራሉ፤ ድሮ በቃችሁ የተባሉትን ልቅሶ። አስካለማርያም ሳትቀር መጣች። ሁለት ወንድ ልጆች ቀብራ ስማቸውን አንሥታ የማታውቀዋ አስካለማርያም! አጥሩ ጋ ሄጄ «ምን ሆንሽ?» አልኋት። «ራሴን ነው፣ ትንሽ ይፈልጠኛል» አለችኝ። ይቅር አላልኋትም፤ ግን ድንጋዩ እርጥብ ነበርና ቁርበት አቀበልኋት። አንዲቷን ደግሞ በነጠላዋ ጥለት አውቄያታለሁ። ከፋሲካ በፊት የቀበርናት ናት። እንደሌሎቹ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም፤ መሪጌታም አሁን ብዕራቸውን ጥለው አማተቡ።

ማክሰኞ ዕለት ሁሉም መጥተው ተቀመጡ። ጉሙ ሞላ። አፌን ከፈትሁ፣ የወጣው ትንፋሼ ብቻ ነበር። ጠበቅን። ከመካከላቸው አንዷ ሳል ሲይዛት እንኳ አፍና ያዘችው። ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁና እየዞርሁ የእያንዳንዷን መከናነቢያ ገልጬ ፊቷን አየሁ። አንቺን ነበር የምፈልገው። አልነበርሽም። ያቺ ከፋሲካ በፊት የቀበርናት ነበረች፤ አንቺ የለሽም። በዚህ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላውቅም። አልቅሰሽ ወጥቶልሽ ይሆናል፤ ልቅሶሽን ራስሽ ወስደሽው ይሆናል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ የሞተ ሰውስ ምን ልቅሶ አለው እላለሁ፤ ያቺ ሴት ትዝ ትለኛለች፣ የምለው ይጠፋኛል።

እዚህ ላይ ስደርስ ዓወል መጣ። ደብዳቤውን ሊወስድልኝ ነው። በቅሎውን ሳያስር እጁን ያዝሁት።

«ሰሊሃ እንዴት ናት?»

«እኔ እኮ አረርቲ ሰንብቼ ነው የመጣሁት፣ እሜቴ። እነርሱም አሁን ከአልዩ አምባ ወዲያ ማዶ ነው ያሉት። ፈረጅን ግን ዛሬ ጠዋት ወንዙ መሻገሪያ ላይ አግኝቼዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ቤተሰብ እንዴት ነው ስለው አልሐምዱሊላህ አለኝ።»

«እንዴት ብሎ አለው?»

ዓወል የበቅሎውን ልጓም በእጁ ጠቀለለ። «ወንዙ እየሞላ ነበር፣ ቸኮልሁ። ልብ ብዬ አልሰማሁትም።»

«ያንተው ዘመድ አይደለም እንዴ! አንተ ካልሰማኸው ማን ይስማው? ምን ይዞ ነበር?»

«የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ታቅፎ ነበር።»

«ለገበያ ነው ወይስ ለመገነዣ?»

«ሸማኔ እኮ ነው እሜቴ፤ ምን ጊዜም ነጭ ጨርቅ ይዞ ነው የሚሄደው» አለኝና ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

መሪጌታ «እንግዲህ ደህና ናት ማለት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ደብዳቤውን ሊዘጉት ቸኮሉ። «መሪጌታ፣ ልጇን የቀበረች ዕለትም ያለችኝ ይህንኑ ነው» አልኋቸው። ብዕራቸውን እንደገና ቀለም ነከሩት።

ስለዚህ ደብዳቤውን ለዓወል አልሰጠውም። ነገ ጎሕ ሲቀድ ተከትዬው እወርዳለሁ። መንገዱ ያዳልጣል ይለኛል፤ የሰፈርሽ ሰዎችም አንቺን ያሰደደውን አፍ ደጃቸው ላይ ማየት ደስ እንደማይላቸው በዘዴ ነግሮኛል። ይበሉኝ የሚሉኝን። ወረቀቱን የምይዘው ከበርሽ ላይ ስደርስ መናገር ቢያቅተኝ ብዬ ነው።

አንቺ ከወጣሽልኝ እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ራስሽን ጉልበቴ ላይ አስተኛዋለሁ። ፈረጅ ብቻውን ከወጣ ግን ቤትህ ሰላም ነው ወይ እለዋለሁ፤ የሚመልስልኝንም አውቀዋለሁ። አባባሉን ከሰማሁ በኋላ በደጅሽ አልጮህም፣ ፊቴንም አልቧጥጥም። አፈር ውስጥ ካስተኙሽ ቦታ እንዲያደርሰኝ እለምነውና እዚያ ቁጭ ብዬ፣ እኔ ክርስቲያኗ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምለው፤ አንቺ ከአባባሌ ትረጂዋለሽ።

ጎረቤትሽ ሸዋወርቅ
አንኮበር፣ በ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.